የማንን ሞት ነው የደበቃችሁኝ?

በአገራችን ሰው ሲታመም ከመድኃኒቱ ቀድሞ አልጋው አጠገብ የሚደርስ አንድ ነገር አለ፤ ውሸት። «ዛሬማ ፊትዎ ተመልሷል»፣ «ሐኪሙ ምንም የለባቸውም ብሏል»፣ «ለበዓሉ ተነሥተው አብረን እንውላለን» እንላለን። ይህን የምንለው በሽተኛውን ጠልተን አይደለም፤ ወደን፣ ሳስተንለት ነው። ከፍቅር የመጣ ስለሆነም ማንም እንደ ጥፋት አይቆጥረውም። እስቲ ይህ ውሸት በአንድ ደግ ቤተሰብ ላይ ያደረሰውን ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተው።

በ1978 ዓ.ም. አዋሽ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። የምኖረው በጋሽ ከድሩ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ሲሆን፣ ከእነሱ ቤት የሚለየኝ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ብቻ ነበር። እነሱ ከባቲ የመጡ ወሎዬ ሙስሊሞች ናቸው፤ እኔ የሰላሌ ክርስቲያን ነኝ። ቢሆንም ሲደሰቱ ደስታቸው፣ ሲያዝኑ ኀዘናቸው ሳይደርሰኝ የቀረበት ቀን አልነበረም።

ጋሽ ከድሩ ጎሚስታ ነበሩ። ከአሰብ ጭነው የሚመጡ ከባድ መኪናዎች ጎማቸው ሲፈነዳ የሚቆሙት በእሳቸው በር ላይ ነው። ጉልበት ሲያንሳቸው ሥራውን ለትልቁ ልጃቸው ለጣሃ አስረከቡ። እሳቸው ግን አስፋልቱ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሾፌሩን ሁሉ በስሙ እየጠሩ ሰላም ማለታቸውን አልተዉም። ባለቤታቸው እትዬ መዲና ይባላሉ። ትንሹ ልጃቸው ናስር ብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ በዚያን ጊዜ አስመራ ነበር።

ናስር የተወሰደው መተሐራ ላይ ነው። አባቱ የተጠገነ ጎማ ለአንድ ሾፌር እንዲያደርስ ልከውት ሄደ፤ በዚያው ቀን በከተማው አፈሳ ነበርና ከጎማው ጋር ከመንገድ ላይ አነሡት። ጎማው በኋላ በሰው እጅ ተመለሰ፤ ልጁ ግን ሳይመለስ ቀረ። ጋሽ ከድሩ ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። የወታደር መኪና በተርታ ባለፈ ቁጥር ግን ከአግዳሚው ተነሥተው የመጨረሻው እስኪያልፍ ቆመው ያዩ ነበር።

በዚያ ዓመት፣ ረመዳን ሲወጣ፣ ሆዳቸው ተነፋ፤ ዓይናቸውም ቢጫ ሆነ። ጣሃ አዲስ አበባ ይዟቸው ሄደ። ሐኪሙ ካየ በኋላ ጣሃን ለብቻው ጠርቶ፣ ጉበታቸው መጎዳቱንና የሚደረግላቸው ነገር አለመኖሩን፣ ቤታቸው ወስዶ እንዲያስተኛቸው ነገረው። እንደተመለሱ ጣሃ አባቱ እንዳይሰሙ ብሎ እናቱንና ሚስቱን ሰዓዳን ወደ እኔ ክፍል አስገባና በሩን ዘግቶ ይህንኑ ነገረን። ልውጣ ስል፣ «ተቀመጪ፣ አንቺም የቤት ሰው ነሽ» አለኝ።

እትዬ መዲና ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ወትፈው ያለ ድምፅ አለቀሱ። ጣሃ እስኪረጋጉ ጠበቀና እንዲህ አለ፦

«አሁን የምላችሁን ስሙኝ። ይህ ነገር ከዚህ ክፍል አይወጣም። ሰው መሞቱን ካወቀ ልቡ ቀድሞ ይሞታል። ያለችው መድኃኒት ተስፋ ናት፤ እሷን አንነሣቸውም። የጠየቀ ሰው ቢኖር የሆድ መንፋት ነው፣ ይነሣሉ በሉ። በፊታቸው የሚያለቅስ ሰው አላይም።»

ናስርስ አይጠራም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አስመራ ቴሌግራም ይደርሳል፤ የወላጅ ሕመም ሲሆን ፈቃድ የሰጡ አዛዦች እንዳሉም ሰምቼ ነበር። ጣሃ ራሱን ነቀነቀ። ከጦር ሜዳ ልጃቸው ድንገት ቢመጣ ነገሩ እንደሚገባቸው፣ ስለዚህ ናስርን መጥራት ማለት ሞታቸውን መንገር እንደሆነ አስረዳን። አንዲት ውሸት ስትነገር ሌላ ውሸት እንደምታስከትል የዚያን ዕለት አየሁ።  በእትዬ መዲና ቤት የመጨረሻው ቃል ከባላቸው ቀጥሎ የትልቁ ልጃቸው ነበር።

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ጋሽ ከድሩን በቆርቆሮው ቤት ሙቀቱ እንዳይገድላቸው ብለን የጠፍር አልጋቸውን ኒሙ ሥር አወጣንላቸው። የሰኔ አዋሽ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል፤ ንፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። ሰዓዳ ፎጣ በውሃ እየነከረች ግንባራቸው ላይ ታደርጋለች። ወሬው በዘመድ በዘመድ ባቲ ደረሰና ሰው መምጣት ጀመረ። የሚመጣው ሁሉ በር ላይ ጣሃ እየተቀበለ የሚለውን ያስጠናዋል። አንዱ «ለንግድ ሳልፍ ነው» ይላል፤ ሌላው «ዓይኔን ልታከም ስሄድ ነው» ይላል። እህታቸው ሀምዳ እንኳ ከባቲ ወጥታ የማታውቅ ሴት፣ ድሬዳዋ ለሠርግ ስሄድ ነው የገባሁት አለች። ዓይኗ ግን በለቅሶ አብጦ ነበር።

ጋሽ ከድሩ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ያዩ ነበር። ዓይናቸውን ሲከድኑ ሹክሹክታ ይነሣል፤ ሲገልጡ ሁሉም ይስቃል። ልጆቹ እንዳይጮኹ ወደ ጎረቤት ተላኩ። ጣሃ፣ እንዳያደክማቸው ብሎ፣ ከራስጌያቸው ሬዲዮናቸውን አነሣ። እኛ ለእረፍታቸው ያደረግነው መስሎን ነበር። እሳቸው ግን ሌላ ነገር እየገጣጠሙ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቼን ፈተና ይዤ ሳልፍ ጠሩኝና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ከሰሜን ምን ወሬ አለ?» አሉኝ።

«ምንም የለም ጋሽ ከድሩ፤ ሰላም ነው» አልኳቸው።

ፊቴን ትኩር ብለው አዩኝና ወደ ጎን ዞሩ። ያን ጊዜ ለምን እንደጠየቁኝ አልገባኝም ነበር።

በማግስቱ የመስጊዱ ኢማም ሊጠይቋቸው መጡ። ዱዓ አድርገው ሲወጡ ጣሃን በር ላይ አቁመው፣ ሕመማቸው ተነግሯቸው እንደሆነ ጠየቁት። እኔና እትዬ መዲና ከመጋረጃው ጀርባ ሽንኩርት እንልጥ ስለነበር ቃል በቃል ሰማን። ጣሃ አለመናገሩን ገለጸላቸው፤ ምክንያቱንም ነገራቸው።

ኢማሙ አልተቆጡትም። «ጣሃ፣ አባትህን መውደድህን ከተማው ያውቃል» አሉት። «ግን አንድ ሙስሊም ወደ አላህ ሲሄድ ሐቅ አለው። ወሲያውን፣ ኑዛዜውን፣ ይናገራል፤ የበደለውን አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ይላል፤ የሚወደውን ያያል። አንተ እየሸፈንክ ያለኸው ሞትን አይደለም፤ ሞት ተሸፍኖ አያውቅም። የምትወስድባቸው ጊዜያቸውን ነው።»

ጣሃ እጃቸውን ስሞ አመሰገናቸውና፣ አባቱ ልበ ሩኅሩኅ ስለሆኑ እንደማይችሉት፣ እሱ ልጃቸው እንደሚያውቃቸው ነገራቸው። ኢማሙም አላህ ያግዝህ ብለው ሄዱ። እትዬ መዲና የያዙትን ሽንኩርት ትተው ተነሡ።

ነገሩ የተበላሸው የቀበሌው ሰዎች በመጡ ዕለት ነው። የዚያን ዘመን ሰው ያስታውሳል፤ የቀበሌ ሊቀመንበር ሁለት ሰው አስከትሎ ወደ አንድ ቤት ሲያመራ፣ ልጇ ወታደር የሆነች እናት ሁሉ የልጇን መርዶ ይዘው የመጡ ይመስላታል። ወደ ማን ደጃፍ እንደሚታጠፉ መንገዱ ሁሉ ቆሞ ያያል። የእኛ ሊቀመንበር አቶ አምባዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። ጋሽ ከድሩ ታመዋል ሲባል ሰምተው፣ ከስብሰባ እንደወጡ ካኪ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት ይዘው ሊጠይቋቸው ጎራ አሉ። በር ላይ እንደደረሱ የበሽተኛ ቤት ነውና ኮፍያቸውን አወለቁ፤ አንገታቸውንም ደፉ።

ጋሽ ከድሩ ከትራሳቸው ቀና ብለው አዩዋቸው። ያን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ቢጫው ዓይናቸው ፈጠጠ፤ እጃቸው የአልጋውን ጠፍር ጨበጠ። አቶ አምባዬ ጎንበስ ብለው «እግዜር ይማርዎ ጋሽ ከድሩ፤ አይዞዎት፤ በርቱ» አሉ። የበሽተኛ መጠየቂያ ነው፤ ግን «አይዞዎት፣ በርቱ» ለኀዘንተኛም ይባላል። እንግዶቹ ጥቂት ተቀምጠው እንደወጡ ጋሽ ከድሩ ጣሃን ጠሩት።

«ጣሃ» አሉት፤ «የማንን ሞት ነው የደበቃችሁኝ?»

ጣሃ ደነገጠ። «የምን ሞት አባባ? የሞተ የለም።»

«ሀምዳ ባቲን ለቃ መጥታለች። እናትህ ሌሊት ሌሊት ታለቅሳለች። ሬዲዮኑን ወስደሃል። ዛሬ ደግሞ ቀበሌው መጣ። ናስር የት ነው?»

ያን ጊዜ ሁላችንም ገባን። ሰውዬው በእነዚያ ቀናት ሁሉ አንድም ጊዜ ስለ ራሳቸው አላሰቡም። የዘመዱን መሰብሰብ፣ የሴቶቹን ዓይን፣ ሹክሹክታውን ሁሉ ለመርዶ ቆጥረውት፣ እየደበቅንላቸው ያለነው የልጃቸውን ሞት መስሏቸው ኖሯል። ጣሃ አልጋው አጠገብ ተንበረከከና ናስር በሕይወት እንዳለ፣ ከኢድ በፊት ደብዳቤው እንደመጣ ነገራቸው። ወላሂ ብሎም ማለ።

ጋሽ ከድሩ እጁን በእጃቸው ገፉት። «ከአዲስ አበባ ስንመለስ በሳምንት ይነሣሉ ብለህ ወላሂ ብለኸኝ ነበር። አልተነሣሁም፤ ይኸው አልጋ ላይ ነኝ። ያም ወላሂ ነው፤ ይህም ወላሂ ነው። የትኛውን ልመን?»

ጣሃ ደብዳቤውን አምጥቶ አሳያቸው። እሳቸው የቁርዓኑን እንጂ የአማርኛውን ፊደል አያነቡም ነበርና፣ «የምታነብልኝ አንተው ነህ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ላንብብልዎ ብል ደግሞ፣ «አንቺም ሰላም ነው ብለሽኛል» አሉኝ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እህል አልቀምስ አሉ። ውሃ በማንኪያ ስናቀርብላቸው ጥርሳቸውን ይገጥማሉ። ሕመማቸው ሲጠናባቸው እንኳ የሚጮኹት ስለ ሕመማቸው አልነበረም፤ «እኔ ነኝ የላክሁት፣ እኔ ነኝ የላክሁት» ይሉ ነበር። ናስር የት እንደተቀበረ፣ ያጠበው ሰው እንደነበረ፣ ሶላት ተሰግዶበት እንደሆነ ይጠይቁናል። የለም፣ አልሞተም ስንላቸው ይፈሩናል። አዎ፣ እንደ ጠላት ይፈሩን ነበር። በገዛ ግቢያቸው፣ በገዛ ልጆቻቸው መካከል፣ ከሰው ሁሉ ተነጥለው ብቻቸውን ቀሩ። በሰው የተከበበ ሰው እንዲህ ብቸኛ ሲሆን አይቼ አላውቅም።

ፍርሃቱ በእሳቸው አልቆመም። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ እትዬ መዲና ክፍሌ ድረስ መጡ። በሩን ዘጉ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

«ዓለሜ፣ በማርያም ይዤሻለሁ» አሉኝ፤ እኔ በምምልበት ነበር የያዙኝ። «ጣሃ ለአባቱ ደብቋል። ለእኔስ? ናስርን ለእኔም ደብቃችሁኝ ይሆን?»

ማልኩላቸው። ደብዳቤውን ራሴ እንዳነበብኩት፣ የልጁን የእጅ ጽሑፍ ተማሪዬ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እንደማውቀው ነገርኳቸው። እትዬ መዲና ሰሙኝ፤ ግን ባላቸው ጣሃን ባዩበት ዓይን አዩኝ። ሰው እንዲያምነኝ የምሰጠው ነገር አጣሁ። እሳቸውም ይህን ከፊቴ አነበቡት መሰለኝ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ።

«አየሽ» አሉ ቆይተው፤ «ስንዋሽ አብሬ ነበርኩና እውነቱን እንኳ ማመን አቃተኝ። እኔ እንዲህ ከሆንኩ እሱ ተኝቶ ምን እያየ ይሆን?»

ተነሥተው ወጡ፤ ተከተልኳቸው። ኒሙ ሥር ሀምዳ ዝንብ እያባረረች ተቀምጣ ነበር። ጣሃ ከሥራ ቦታው ገብቶ እጁን ይታጠባል። እናቱ ወደ አልጋው ሲሄዱ አካሄዳቸው ገባውና ከፊታቸው ቆመ። አይሆንም፣ ይገድሏቸዋል አላቸው። እትዬ መዲና ልጃቸውን በትከሻው ይዘው ቀስ ብለው ወደ ጎን አደረጉት። ከዚያ አልጋው ላይ ተቀምጠው የባላቸውን እጅ ያዙ።

«የጣሃ አባት፣ ይስሙኝ» አሉ። «ናስር አለ። አልሞተም። ሰዉ የተሰበሰበው ለእርስዎ ነው። የምናለቅሰውም ለእርስዎ ነው።»

ጋሽ ከድሩ ዓይናቸውን ገለጡ። «ለእኔ?»

«ሐኪሙ ለጣሃ ነግሮታል። ሕመምዎ ጉበት ነው፤ መድኃኒት የለውም። ከእኛ ጋር ብዙ አይቆዩም። ይደነግጣሉ ብለን ደበቅንዎ። ናስርንም ብንጠራው ያውቃሉ ብለን ነው ሳንጠራው የቀረን።»

 አስፋልቱ ላይ አንድ ከባድ መኪና እያቃሰተ ማርሽ ሲቀይር ተሰማ። እኔ ልባቸው የሚቆም መስሎኝ ነበር። ጣሃ እርጥብ እጁን በአየር ላይ እንደያዘ ቀረ። ጋሽ ከድሩ የሚስታቸውን ፊት መረመሩ። አንዲት ሴት ለባሏ ትሞታለህ ብላ እንደማትዋሽ ገባቸው መሰለኝ፣ በእነዚያ ቀናት ተቆልፎ የነበረው ፊታቸው ተፈታ። እንባቸው በጆሯቸው ላይ ወረደ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «አልሐምዱሊላህ። እኔ ነኛ። እኔማ ሽማግሌ ነኝ። አባት ቀድሞ ልጅ ከቀረ ዱንያ ሥርዓቷን ይዛለች።»

ከዚያ ውሃ ጠየቁ። ሰዓዳ እየሮጠች አመጣችላቸው፤ ጠጡ። ጥቂት ቆይተው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መዲና፣ ፈራሁ» አሉ።

«እኔም ፈርቻለሁ» አሉ እትዬ መዲና። «አብረን እንፈራለን። ብቻዎን አይሆኑም።»

ወገኖቼ፣ ስለ ሞት ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ለሚሞት ሰው የተነገረ ከዚህ የሚበልጥ ቃል ግን አልሰማሁም።

ጣሃ የዚያኑ ዕለት አቶ አምባዬን ይዞ ቴሌ ሄደ። የቀበሌውን ማረጋገጫ አሠርተው ቴሌግራሙን አስመራ ላኩ። ጋሽ ከድሩ ቴሌግራሙ መሄዱ ሲነገራቸው ትራሴን ከፍ አድርጉልኝ አሉና ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ አዞሩ። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ሌሎች ነበሩ። ሹክሹክታው ቀረ። ልጆቹ ተመለሱ። ሀምዳ የሠርጉን ሰበብ ትታ ከወንድሟ ጋር በግልጽ ተላቀሰች፤ ስለ ልጅነታቸውም ሲያወሩ ሲስቁ ሰማኋቸው። ሾፌሮች መኪናቸውን እያቆሙ ገብተው ከእሳቸው ጋር አውፍ ተባባሉ። እኔንም ጋሽ ከድሩ ጠርተው፣ ኪራይ ሲዘገይ ፊቴን አጥቁሬብሽ እንደሆነ አውፍ በይኝ አሉኝ። ሬሳቸውን ባቲ ድረስ ወስደን እንዳንንገላታ፣ አዋሽ እንድንቀብራቸው ተናዘዙ።

የቀራቸው ናስር ብቻ ነበር። ድምፃቸው ግን ከቀን ወደ ቀን እየሰለለ ሄደ። እህል እምቢ ያሉባቸው ቀናት ያለችውን ጉልበት በልተዋት ነበር፤ ያንን ማናችንም አፍ አውጥተን አልተናገርነውም። መኪና በቆመ ቁጥር ዓይናቸው በሩ ላይ ይሆናል። በመጨረሻ አለመድረሱ ሲገባቸው ጣሃን አስጠግተው በጆሮው ለወንድሙ የሚነግረውን ነገሩት። በማግስቱ ጠዋት ኢማሙ ከቁርዓን ያሲንን እየቀሩ፣ እትዬ መዲና እጃቸውን እንደያዙ፣ ሸሃዳቸውን ብለው ዐረፉ። ፊታቸው ላይ ፍርሃት አልነበረም።

ናስር የመጣው ከቀብሩ በኋላ ነው። ከኮምቦልቻ በተሳፈረበት ቀን፣ አንድ የሚያውቀው ሾፌር ቀድሞት ደርሶ ልጁ ከኋላ እየመጣ መሆኑን ነገረን። ወዲያው ግቢው ውስጥ ምክር ተጀመረ። ልማዱን ታውቁታላችሁ። መንገድ የደከመው ነው፣ እህል ይቅመስ አሉ። አባቱ ለሕክምና አዲስ አበባ ናቸው እንበለውና ይደር፤ መርዶው ጎሕ ሲቀድ ይነገረው አሉ። አንድ አጎት፣ በባዶ ሆድ መርዶ ሰው ይገድላል እያለ አጥብቆ ተከራከረ። ሁሉም ወደ ጣሃ ዞሩ፤ የቤቱ አባወራ አሁን እሱ ነውና።

ጣሃ፣ «በዚህ ቤት ከእንግዲህ አንዋሽም» አለ።  ነጠላ ጫማውን አድርጎ መኪናው ወደሚቆምበት ኬላ ሄደ።

የሆነውን በኋላ ራሱ ነግሮኛል። ናስር ከመኪናው ሲወርድ ወንድሙን አይቶ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። ጣሃ ሁለቱንም እጁን ያዘና፣ «አባባ ሞተዋል። ቀብረናቸዋል» አለው። ናስር እዚያው አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለ። ጣሃም አብሮት ተቀመጠ። ሲረጋጋ ናስር መቼ እንደታመሙ ጠየቀ፤ ጣሃ ከኢድ በኋላ መሆኑን ነገረው።

«ቴሌግራሙ እንደደረሰኝ አዛዤ በዚያው ቀን ነው የፈቀደልኝ» አለ ናስር። «ቀድሞ ቢደርሰኝ ቀድሞ ይፈቅድልኝ ነበር። ለምን አልጠራኸኝም?»

ጣሃ ምክንያት አልደረደረም። ፈርቼ ነው አለው፤ ለእሳቸው የፈራሁ መስሎኝ ነበር፣ የፈራሁት ግን ለራሴ ነው፤ ሞታቸውን አፌን ሞልቼ መናገር ነው የፈራሁት አለው። ከዚያ የአባቱን ቃል አደረሰ፦ «ወደ መተሐራ የላክሁህ እኔ ነኝና አውፍ በለኝ ብለውሃል።»

ናስር ይህን ሲሰማ ነው እንደ ሕፃን ያለቀሰው። «ለዚህ ነው ሲጨነቁ የኖሩት? እኔ አንድ ቀን እንኳ በእሳቸው አልተቀየምኩም። ጎማ ማድረስ ሥራችን ነው፤ ያፈሱኝ ሌሎች ናቸው። ይህን ከእኔ አፍ ቢሰሙት ምን ነበረበት ጣሃ? አንዲት ቃል ነበረች እኮ!»

ሁለቱ ወንድማማቾች ወደ ቤት ሳይገቡ በቀጥታ ወደ መቃብሩ ሄዱ። ናስር አፈሩ ላይ ተንበርክኮ «አውፍ ብያለሁ አባባ፤ እርስዎም አውፍ ይበሉኝ» እያለ ደጋገመው። ጣሃ ከኋላው ቆሞ ነበር። ያቺን ቃል በሕይወት ላለ ጆሮ ማድረስ የሚቻልበት ጊዜ እንደነበረ፣ ያንን ጊዜ የነጠቀውም እሱ መሆኑን አወቀ።

ጣሃ ዕውቀቱን በልቡ አልቀበረውም። ለአባቱ ሰደቃ በወጣበት ቀን በተሰበሰበው ሰው ፊት ተነሥቶ ያደረገውን ሁሉ ሳይሸሽግ ተናገረ። «በየቤታችሁ በሽተኛ ያላችሁ፣ ሞትን በክፋት አትንገሩ፤ በርኅራኄ ግን ንገሩ» አለ። «አባቴን ከሞት አላዳንኳቸውም። ልጃቸው ሳይሞት ግን የልጃቸውን ሞት አስለቀስኳቸው።» ከሰዉ ውስጥ አንገቱን ያልደፋ አልነበረም፤ ብዙዎቻችን የቀበርነው እንዲህ ያለ ውሸት ነበረንና።

ይህ የሙስሊሙ ብቻ ወይም የወሎዬ ብቻ ነገር አይደለም። በእኛም ዘንድ በሽተኛው ይደነግጣል ተብሎ የንስሐ አባት ሳይጠራ የሚቀርበት ቤት ብዙ ነው። ዘመድ ይጨነቃል ተብሎ ሩቅ ያለ ልጅ የእናቱን ቀብር ሳያይ ይቀራል። የሚሞት ሰው የማያውቅ ይመስለናል፤ ገላው ይነግረዋል፤ ካልነገረውም ከእውነቱ የከፋውን ፍርሃቱ ይነግረዋል። ስለዚህ የታመመ ወላጅ ያላችሁ ሁሉ፣ «እንዴት ነኝ?» ብለው ሲጠይቋችሁ ፊታችሁን አታዙሩ። ሐኪሙ ያለውን በለዘበ አንደበት ንገሯቸው፤ ማንን ማየት እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው፤ የሩቁን ልጅ በጊዜ ጥሩት። ከዚያ እጃቸውን ያዙ። ከፈሩም አብራችሁ ፍሩ።